የካፒቴኑ ጉርሻ

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «እንዴት ነቃሽበት?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር አልነቃሁበትም፤ ጠረጠርኩ እንጂ። የነቃ ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር አለው። የጠረጠረ ሰው ግን ባዶ እጁን ነው፤ ቢናገር ቀናተኛ ይባላል፣ ዝም ቢል ውስጡ አያርፍም። እኔ ያን ሰሞን በሁለቱ መካከል ስዋልል ከረምኩ። ነገሩ የለየለት በአንድ ጠዋት፣ ይርጋጨፌ ላይ፣ ቁርስ ቀርቦ እስኪነሣ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ያኔ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ባለ አንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። ከታች ቁርስና ምሳ ይሸጣል፣ ከላይ አልጋ ይከራያል። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። ወላጆቻቸው ከመሃል አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ባለቤታቸው ደግሞ በሞያሌ መስመር የሚሠሩ መኪናዎች አሏቸው። እኔ ከይርጋጨፌ ወጣ ብላ የምትገኘው የኮንጋ ልጅ ነኝ። እናቴ እዚያ ትንሽ የቡና ማሳ አላት። አባታችን ከሞተ በኋላ ታናሽ ወንድሜን ተመስገንን ያስተማርነው ሁለታችን ነን፤ እሷ በቡናዋ፣ እኔ በትሪዬ።

በትሪዬ ስል በደሞዜ ማለቴ አይደለም። በአስተናጋጅነት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ደሞዙ የቤት ኪራይ እንኳን በወጉ አይሸፍንም። የሚያኖረን ጉርሻው ነው፤ ልጆቹ ቲፕ የሚሉት። ስለዚህ የእኛ ዓይን ሁልጊዜ ደንበኛ የተነሣበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ገና ወንበር ሲስብ እንለየዋለን ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን።

ሰውየው የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ አንገቱ ላይ ፎቶ ያለበት መታወቂያ አንጠልጥሏል። አልጋ ያዘ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ስልኩን አውጥቶ አጠገቡ ለተቀመጡ ልጆች ፎቶ ማሳየት ጀመረ። መርከብ ነው። ዕቃ የሚጭን መርከብ ግን አይደለም፤ ፎቅ በፎቅ የተደረበ፣ መዋኛና ሲኒማ ቤት ያለው፣ የሰርግ አዳራሽ የሚያካክሉ ምግብ ቤቶች የያዘ፣ ሀብታሞች ለሽርሽር የሚሳፈሩበት ነው። እሱ እዚያ ላይ ለዓመታት አስተናጋጅ እንደነበረ፣ በኋላም የአስተናጋጆች አለቃ እንደሆነ፣ አሁን ደግሞ ድርጅቱ ከአገሩ ልጆችን እንዲመለምል እንደላከው ነገራቸው። ማን ስም እንዳወጣለት አላውቅም፤ ብዙ ሳይቆይ ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» ይለው ጀመር። እሱም አልተቃወመም።

ስለ መርከቡ ብዙ አወራ። እኔን የያዘኝ ግን ስለ ጉርሻው ያወራው ነው። እንግዶቹ ጉዞው እስኪያልቅ በአንድ አስተናጋጅ ይስተናገዳሉ አለ። ስሙን ያውቃሉ፤ እሱም የማን ልጅ ዓሣ እንደማይበላ፣ የማን ባል ቡናውን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ያውቃል። በመጨረሻው እራት ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት ይጨብጠውና ፖስታ ይሰጠዋል።

«ደሞዛችሁን አትነኩትም» ይል ነበር። «ደሞዙ ለቤተሰብ ነው። እናንተ በጉርሻው ትኖራላችሁ።»

ትሪ ይዤ ከጀርባው ቆሜ እሰማዋለሁ። ሌላው ሰው የሚያየው መርከቡን ነበር፤ እኔ የማየው ፖስታውን።

ወሬው ኮንጋ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ተመስገን እዚሁ ከተማችን በቱሪዝም ተመርቆ፣ ሥራ ሲፈልግ ኖሮ፣ ሲሰለቸው ወደ እናቴ ተመልሶ ቡና እያገዘ ነበር። መጣ፣ ካፒቴኑን አነጋገረ፣ ተመዘገበ። ከእኔ ጋር የምታስተናግደው ሰላማዊትም ተመዘገበች። ሌሎችም የከተማው ልጆች ተከተሉ። ለምዝገባውና ለጉዞው እናቴ የዚያን ዓመት ቡና ገና ከዛፉ ሳይለቀም ለነጋዴ ሸጠች። ይህም ሳያንስ ሰውየው የትምህርት ማስረጃቸውንና የቀበሌ መታወቂያቸውን ዋናውን ሰበሰበ። ለቪዛ ነው አለ። ፓስፖርቱ በአዲስ አበባ በኩል አልቆ ሞያሌ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ከዚያ ወደ ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ መርከቡ ላይ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የገባኝ በትንሽ ነገር ነው። ካፒቴኑ ከልጆቹ ጋር ሲበላ ሁልጊዜ ከመነሣቱ በፊት አዲስ ብር አውጥቶ ከሻይ ማስቀመጫው ሥር ያደርጋል። «የሙያ ወንድሞቻችሁን አትርሱ» ይላቸዋል። ልጆቹ በአድናቆት ያዩታል። እኔ ግን ጠረጴዛውን ሳነሣ ብሩ የለም። አንድ ቀን ሰላማዊት ቀድማኝ ይሆናል አልኩ። እሷም እኔ የቀደምኳት መስሏት ኖሮ ኋላ ተጠያየቅን፤ ሁለታችንም አላገኘንም። በሌላ ቀን እጅ መታጠቢያው ጋ ቆሜ ከፊቴ ባለው መስታወት አየሁት። ልጆቹ ወደ በሩ ሲዞሩ እንደሚደገፍ ሰው መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፣ ብሩን በጣቶቹ ሳበ፣ ኪሱ ከተተ።

ምን ልበል? ቆንቋና ሰው ሌባ አይባልም። ብሩ የራሱ ነው፤ ሰጠ፣ ወሰደ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው አልዋጥልሽ አለኝ። በጉርሻ የኖርኩ ነኝ የሚል ሰው እንዴት የአስተናጋጅን ጉርሻ ከጠረጴዛ ላይ መልሶ ይወስዳል?

ምሳ ሳቀርብለት እንደ ጨዋታ አድርጌ ጠየቅሁት። መርከቡ ላይ ጉርሻው ለየራሳችሁ ነው ወይስ አንድ ላይ ተሰብስቦ ነው የሚከፋፈለው አልኩት። ለየራሳችን ነው፣ በእጃችን ነው አለኝ። ይህን ባለኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሌሎቹ ልጆች ደግሞ ከእንግዳው የክፍል ሂሳብ ላይ ተቆርጦ ለሁሉም እንደሚከፋፈል ሲነግራቸው ሰማሁ። ሮጬ ለተመስገን ነገርኩት። ስለ ብሩም አብሬ ነገርኩት።

ተመስገን አዳመጠኝና ሳቀ። በኢንተርኔት አይቶታል፤ ሁለቱም ዓይነት አሠራር አለ። መርከቡም በእርግጥ አለ፣ ስሙም ፎቶውም ትክክል ነው። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ብርቄ፣ አንድ ጉርሻ ስላልደረሰሽ የእኔን ዕድል ልታስቀሪ ነው?» አለኝ። ትቼው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ምክንያቱም የያዝኩት ነገር በእርግጥ ያው አንድ ጉርሻ ብቻ ነበር።

እትዬ ዘይነባን አማከርኳቸው። እሳቸው በሰው ላይ አይቸኩሉም። የአልጋውን ሂሳብ በጊዜው እንደሚከፍል፣ መኪናም ከባለቤታቸው እንደተከራየ፣ በዚህ በኩል እንከን እንዳላዩበት ነገሩኝ። ትንሽ ቆይተው ግን አልጋ ሲይዝ መታወቂያውን እንደ ልማዳቸው ሊያስቀሩት ሲሉ አንገቱ ላይ ያለውን አሳይቷቸው እንዳለፈ ትዝ አላቸው። ከዚያ «እስከ ይርጋጨፌ ሸኚው። ዓይንሽን ግን ከሰውየው ላይ አታንሺ» አሉኝ።

መሸኘቱን ራሴም አስቤው ነበር። እናቴ ልጇን ሳትሰናበት አይሄድም ብላ ይርጋጨፌ ወርዳ መንገድ ዳር ልትጠብቀን ተስማምተናል። የጉዞው ጠዋት ልጆቹ የተከራየው ሚኒባስ፣ ሃይሩፉ ውስጥ ሲገቡ ካፒቴኑ ከፊት ከእትዬ ዘይነባ ባለቤት ሹፌር ከጀማል ጎን ተቀመጠ። ማስረጃዎቹን የያዘውን ጥቁር ቦርሳ ጭኑ ላይ አደረገ። እኔም ስገባ አየና «እህታችንም መርከብ አማራት እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ልጆቹ ሳቁ። እስከ ይርጋጨፌ እንደሆነ፣ እዚያ እናታችን ቁርስ ላይ እንደምትጠብቀን ተመስገን ሲነግረው ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ጊዜ የለንም፣ ቁርስ ቡሌ ሆራ ነው የምንበላው አለ። ተመስገን ለመነው። ሰላማዊትም አገዘችው። ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ ቦርሳውን አስተካከለ፣ በመጨረሻ በግድ እሺ አለ።

ጪጩን አልፈን ወናጎን ስናልፍ ልጆቹ ይዘፍናሉ። እኔ የሰውየውን ማጅራት አያለሁ። አንዲት እናት ልጇን እንዳትሰናበት የሚያስቸኩል ምን መርከብ ነው? ሞምባሳ እኮ ገና ስንት ቀን መንገድ ነው እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ከዚያ ደግሞ ምናልባት በእርግጥ ቸኩሎ ይሆናል፣ አንቺ ሴትዮ ክፉ ሆነሻል እላለሁ።

እናቴ የጠበቀችን መንገዱ ዳር ባለ ምግብ ቤት በር ላይ ነው። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች። ልጇን አቅፋ ለቀቀችው፣ መልሳ አቀፈችው። ካፒቴኑን ደግሞ በሁለት እጇ ጨበጠችውና ጎንበስ አለች። «ልጄ አደራ» አለችው በአማርኛ። ሌላውን በጌዴኦኛ ጨመረች። እሱ ፈገግ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና ገባ።

ውስጥ ገብቶ የተቀመጠበት ቦታ ሌላ ጥርጣሬ ጨመረብኝ። ባዶ ጠረጴዛ ሞልቶ፣ ጥግ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በዚያ ሁሉ ሰሞን እኮ ሁልጊዜ ሰው በሚያየው ቦታ የሚቀመጥ ሰው ነው። ዲላ ላይ መሃል ጠረጴዛ ካልሆነ አይበላም ነበር።

ልትታዘዘን የመጣችው አስተናጋጅ በእኔ ዕድሜ ያለች ቀጠን ያለች ልጅ ነች። ሻይ ላለው ሻይ፣ ፍርፍር ላለው ፍርፍር እያለች ስትዞር እሱ ጋ ደረሰች። ቆመች። ትእዛዝ እንደምትቀበል ሰው አልነበረም የቆመችው። እሱም ቀና ብሎ አያት። ትንሽ ቆይቶ እጁን ለመታጠብ እንደሚሄድ ሆኖ ተነሣ፣ ወደ ጓዳው በሚወስደው መተላለፊያ አጠገቧ ሲደርስ እጁን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ውስጥ ብር ጨመቀ። ጣቶቿን በጣቶቹ አጠፈላት። ማንም አላየም። እኔ ግን ዓይኔን ከላዩ አላነሣሁም ነበር።

ተቀምጬ አሰብኩ። ሰው ጉርሻ የሚሰጠው በልቶ ሲጨርስ ነው። ይህ ሰው ገና ሻዩ አልቀረበም። ደግሞ ሰው በሚያይበት የሰጠውን መልሶ የሚወስድ ሰው፣ ማንም በማያይበት እንዲህ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ተከትያት ጓዳ ገባሁ። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። የሙያ ጓደኛዋ እንደሆንኩ ነገርኳት፣ ስሟን ጠየቅኋት፣ አስቴር አለችኝ። ከዚያ ሳልሸፍን «ሰውየው ለምን ብር ሰጠሽ?» አልኳት።

«ጉርሻ ነው» አለች። ዓይኗን ከብርጭቆው አላነሣችም።

«ምን አድርገሽለት?»

ውሃውን ዘጋች፣ ከፈተች። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ልጅ ወንድሜ ነው አልኳት። በር ላይ ቅጠል ይዛ የቆመችው እናቴ ናት፣ ቡናዋን ከዛፉ ላይ ሸጣ ነው የምትልከው አልኳት። አስቴር በመጋረጃው ክፍተት አሻግራ እናቴን አየች። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

የነገረችኝ ይህንን ነው። ሰውየው በበጋ ሴቶች ልጆች ይዞ እዚሁ ቁርስ በልቷል። ያኔ መርከብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ናይሮቢ ሆቴል ውስጥ ሥራ አለ ነበር የሚላቸው። ከልጆቹ አንዷ የአስቴር የሰፈር ልጅ ምሕረት ነበረች። ምሕረት ከሄደች ወዲህ ስልኳ አይሠራም። እናቷ በየሳምንቱ ወደ አስቴር እየመጣች አንቺ ነሽ መጨረሻ ያየሻት፣ ማን ነበር አብሯት ትላታለች።

«ታዲያ ምን አልሻት?» አልኳት።

«አላየሁም አልኳት» አለች አስቴር። «ያን ቀንም እንደዛሬው እጄ ላይ ብር አደረገልኝ። ደስ አለኝ፣ ደግ ሰው መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ። ግን አንዴ ከተቀበልኩ በኋላ፣ ብናገር አብሬ የሸጥኳት ይመስለኛል።»

ቢሆንም አሁንም የያዝኩት ነገር ወሬ ነው። ተመስገን እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። ሰውየውም አንድ ቃል ከሰማ ቦርሳውን ይዞ ይሰወራል፣ የልጆቹ ማስረጃ አብሮት ይሄዳል። ጓዳው ውስጥ ሆኜ ለእትዬ ዘይነባ ደወልኩ። ሰምተው ሲጨርሱ አልጮሁም፣ አልደነገጡም። «ወላሂ፣ ጀማል መኪናውን ከዚያ አያንቀሳቅሳትም። አንቺ ወረቀቶቹን አስቀድሚ» ብለው ዘጉት። ወዲያው የጀማል ስልክ ጠራ፤ አነጋግሮ ሲጨርስ ከምግብ ቤቱ ወጥቶ የሃይሩፉን ጎማ መፍታት ጀመረ።

እኔ እናቴ ጋ ሄድኩና በጆሮዋ በጌዴኦኛ ተናገርኩ። የልጆቹን ወረቀት ሁሉ ጸልዬበት ልስጥህ በይው፣ ከያዝሽ በኋላ እኔ ሳልነግርሽ እንዳትለቂ አልኳት። እናቴ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ፊቴን አየችና ቅጠሉን አስቀምጣ ወደ ካፒቴኑ ሄደች። ተመስገን ተረጎመላት፤ እናቴ የልጄን ዲግሪ በእጄ ይዤው አላውቅም፣ የሁሉንም አምጣልኝ፣ ሁሉም ልጆቼ ናቸው ትላለች አለው። ካፒቴኑ በልብዎ ይጸልዩ ቢላት እጇን ዘርግታ ቆመች። ልጆቹም የእማዬ ጸሎት ይቅደም ብለው ተነሡ። ምን ያድርግ? ቦርሳውን ከፍቶ ማስረጃዎቹ ያሉበትን ፖስታ ሰጣት።

እናቴ ፖስታውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች። ጸሎቷ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። ያን ቀን ግን ስለ መንገዱ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለየልጆቹ ወላጆች እያነሣች ቀጠለች። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ዓይኑን ያልጨፈነው እኔና ካፒቴኑ ብቻ ነን። በጸሎቱ ሁሉ ተያየን። እሱ እኔን ያያል፣ የመኪናውን ጎማ ያያል፣ የጓዳውን መጋረጃ ያያል፣ መልሶ እኔን ያያል። እኔም እንደጠረጠርኩት እሱም እንደጠረጠረኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አሜን ሲባል እጁን ዘረጋ። እናቴ አልሰጠችውም። «እማማ፣ ፖስታውን» አለ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አይሄዱም» አልኩ።

ተመስገን ፊቱ ተለዋወጠ። ክንዴን ያዘኝ፣ ለቀቀኝ። በሰው ፊት አታዋርጂኝ አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ካፒቴኑ ተረጋግቶ ለልጆቹ ይህች እህታችሁ ቅር ብሏት ነው፣ አይዟችሁ፣ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ያጋጥማል ይላቸዋል። አነጋገሩ እንዴት እንደሚያምር! ትንሽ ቢቀጥል እኔም ራሴ አምኜው ነበር። እኔ ደግሞ አስቴርን ልጠራት አልቻልኩም። ምስጢሯን ነግራኛለች፣ ቁሚና መስክሪ አላልኳትም፣ ቃልም አልገባችልኝም።

መጋረጃው ተገለጠ። አስቴር ሻዩን በትሪ ይዛ መጣች። ካፒቴኑ ፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ከሽርጧ ኪስ የተጨማደደውን ብር አወጣችና ከሻዩ ጎን ዘረጋችው።

«ይህ የእርስዎ ነው» አለችው።

«ጉርሻሽ ነው እኮ የኔ እህት፣ ያዢው።»

«ሻዩን ገና አልቀመሱትም። የምን ጉርሻ ነው?» ብሩን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ምሕረት የት ናት?»

«ምሕረት ማን ናት?»

«በበጋ እዚሁ፣ ከጎንዎ ተቀምጣ ፍርፍር የበላችው። እናቷ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?»

ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ካፒቴኑ ብሩን አየ፣ አስቴርን አየ። ሰው ሳይመሳሰልባት እንዳልቀረ ተናገረና ስልኩ እንደጠራ ሰው ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ውጪ ወጣ። ስልኩ አልጠራም ነበር። በሩ ላይ ሰው ለመጫን ከቆሙት ሞተሮች በአንዱ ላይ ሲፈናጠጥ ጀማል ሮጦ ሊይዘው ሞከረ፤ አልደረሰበትም። ሞተሩ በቡሌ ሆራ አቅጣጫ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እልልታ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ማንም አላመሰገነኝም። ተመስገን መኪናው ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሰላማዊት ሰድበነው ነው የሄደው፣ ማንም ሰው ቢሰደብ ይሄዳል አለች። እናቴ ብቻ አስቴርን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። እናቴ በአማርኛ ወንድና ሴት ታምታታለች። «ና ልጄ፣ ብላ» አለቻትና ቆጮውን ፈታችላት። አስቴር ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ዲላ ስንመለስ ነገሩ ባሰብኝ። የልጆቹ ቤተሰቦች እየመጡ ወቀሱኝ። የከፈሉት ሄዷል፣ ሰውየው የለም፣ ዕድሉም ያመለጠው በእኔ ነው። ተመስገን ኮንጋ ወርዶ አላናግርሽ አለኝ። አስቴር ያን ዕለት ከሰዓት ከምሕረት እናት ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጥታለች፤ ግን ቀናት አለፉ፣ የተሰማ ነገር የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእነዚያ ቀናት ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። አስቴር ተሳስታስ ቢሆን? ሰውየው በእርግጥ ተሰድቦ ሄዶስ ቢሆን? የወንድሜን መርከብ አስቀርቼበትስ ቢሆን?

ይህን እያሰብኩ ሰሃን ስደረድር ሰላማዊት ስልኳን ይዛ ጓዳ ገባች። ድምፁን ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ካፒቴኑ ነበር። እነዚያን ተያቸው፣ ወንዶቹ አያስፈልጉኝም፣ አንቺ ብቻ ወደ ሞያሌ ነይ፣ ለማንም እንዳትናገሪ ይላታል። ስለ ማስረጃ አልጠየቃትም። ስለ ቪዛ አላነሣም። ሰላማዊት እመጣለሁ ብላ የት እንደምታገኘው ጠየቀችው፣ ቦታውን ነገራት። ስልኩን ዘግታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከእትዬ ዘይነባ ጋር ሦስታችን ወደ ፖሊስ ሄድን።

ሞያሌ ላይ በተባለው ግቢ ውስጥ ከተለያየ ቦታ የመጡ ልጆች ተገኙ። ስልካቸው ተወስዶባቸዋል። ለአንዷ ሆቴል፣ ለአንዱ ፋብሪካ፣ ለሌላዋ መርከብ ተብሏል። ሰውየውም ተያዘ፤ ስሙም ለእኛ የነገረን ስም አልነበረም። መርከብ ላይ ሠርቶ ያውቅ ይሆን? አንዳንዴ ሳይሠራማ እንዲያ አይወራም እላለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም። ምሕረት ከተገኙት መካከል አልነበረችም። የደወለችው ከወራት በኋላ ነው፤ ኬንያ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ለመመለስ መንገድ እየፈለገች ነው። እናቷ ቢያንስ ድምፅዋን ትሰማለች።

ተመስገን ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ሞያሌ ስለተገኙት ልጆች የሰማ ዕለት ዲላ መጣና ምሳ እኔ ጋ በላ፤ ያ በቂ ነበር። አሁን ቡናችንን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን እንደ ወርቃና ኮንጋ ባሉ የቡና መንደሮች ያዞራል። እናቴ ያን ዓመት የራሷን ቡና ለነጋዴው አስረክባ የሰው ቡና ስትለቅም ከረመች። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳን አንስታብን አታውቅም።

አስቴርን አሠሪዋ ቤቴን ከፖሊስ ጋር አነካካሽ ብሎ አሰናበታት። እትዬ ዘይነባ ወደ ዲላ አመጧት። አብረን ሠራን፣ አብረን ተከራየን፣ ኋላም ተረዳድተን የራሳችንን ትንሽ ቁርስ ቤት ከፈትን።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ሰውን ሁሉ ጠርጥሩ ልላችሁ አይደለም። እኔም በዚያ ኑሮ መኖር አልፈልግም፤ ያ ሰሞን በቅቶኛል። የሆነብኝን ብቻ ነው የምነግራችሁ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጉርሻ ማለት ለሥራዬ የሚሰጥ ምስጋና ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አንዳንዴ የሚገዛው አፍ እንደሆነ ከአስቴር ተማርኩ። የተሸጠው አፍ ደግሞ ሊመለስ እንደሚችልም ከእሷው ተማርኩ።

ቤታችን ብትመጡ በደንብ እናስተናግዳችኋለን፤ ጉርሻም ብትሰጡ ደስ ይለናል። አስቴርን ግን በእጇ ልትሰጧት ብትሞክሩ አትቀበላችሁም። አንዳንዱ ደንበኛ ኩራት ይመስለዋል፣ አንዳንዱ ያፍራል። እሷ ትሪዋን በሁለት እጇ ይዛ ፈገግ ትልና አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦

«ጠረጴዛው ላይ ያድርጉት። ሁሉም ይየው።»